አትውረድ

በተጋቡ በዓመቱ ነው የገባት፤ ባሏ እምቢ ለማለት የተፈጠረ ሰው ነው። ጣሪያው ይታደስ ስትለው ክረምቱን ሙሉ አስጠበቃት፤ ባለበት ይቅር ስትለው በሳምንቱ ቆርቆሮ ገዛ። ኋላም ልጃቸው ትምህርት ይቅርባት ስትል በንጋታው ወስዶ አስመዘገባት። ከዚያ ወዲህ የምትፈልገውን ጠይቃው አታውቅም።

ዛሬ ለምሳ ሲመጣ፣ ባልዲው የውሃ ጉድጓዱ ውስጥ ወድቋል። ያበጠ ጉንጯን በነጠላዋ ሸፍና አጠገቡ ቆመች።

«አትውረድ፤ ጉድጓድ ቆፋሪው መጥቶ ያውጣው። አንተ አትችለውም» አለችው፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ።

«ደግሞ አንቺ ልታዝዢኝ?» ሸሚዙን አወለቀ፤ ገመዱን ከዛፉ ግንድ ጋር አስሮ እያፏጨ ወረደ።

ጎረቤቷ ወይዘሮ ስንቅነሽ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። «ምነው፣ ምን ሆናችሁ?»

«አትውረድ ብለምነው እምቢ አለኝ፣ እትዬ። ሰምተውኛል አይደል?»

«ሰምቻለሁ ልጄ። እሱ መቼ ሰው ሰምቶ ያውቃል» ብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ጠዋት ቆፋሪው ጉድጓዱን ሊጠርግ መጥቶ ነበር። የተለኮሰ ፋኖስ በገመድ ቢያወርድ፣ ፋኖሱ ጠፍቶ ወጣ። «እታች ያለው አየር ሰው ይገድላል፤ ለባልሽ ንገሪው» ብሏት ሄደ። ከግቢው እንደወጣ ባልዲውን ጉድጓዱ ውስጥ ለቀቀችው።

ፉጨቱ ከመሃል ተቋረጠ። መጀመሪያ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፤ ከዚያ ጮኸች።