ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

በከተማው ድምፅ የሚያወጣ ማሽን ቤት ውስጥ ማኖር ሲከለከል፣ የኮምፒውተር ባለሙያዋ ረድኤት ለእናቷ ለወይዘሮ አስካለ ማራገቢያ የሌለው ኮምፒውተር ራሷ ሠራችላቸው። ሙቀቱ የሚወጣው ሣጥኑን ዙሪያውን በከበቡት ስስ የብረት ክንፎች በኩል ነው። ሳምንት ሳይሞላው ግን እናቷ ደውለው «ሞተብኝ» አሏት።

ስትመጣ ሣጥኑን እንደ ድሮ ቴሌቪዥን በነጭ ዳንቴል ተሸፋፍኖ አገኘችው።

«እማዬ፣ አፍነሽው እኮ ነው የጠፋው!»

«ታዲያ ራቁቱን ይቀመጥ? ደግሞስ መተንፈሱን በምን ልወቅ? ያ አሮጌው ኮምፒውተር እንኳ እርርር ሲል ቤት ውስጥ ሰው ያለ ይመስለኝ ነበር።»

ረድኤት የኮራችው በኮምፒውተሩ ዝምታ ነበር። ዳንቴሉን በጥንቃቄ አጣጥፋ አስቀመጠችና አንዱን ክንፍ የያዘውን ብሎን ትንሽ አላላችው። ኮምፒውተሩ በርቶ ብረቱ ሲሞቅ፣ ክንፉ ቀስ ብሎ «ጠቅ» አለ።

«ውይ! ተቆጣጣሪዎቹ ቢሰሙ የሥራ ፈቃድሽን አይነጥቁሽም?» አሉ እናቷ በሹክሹክታ።

«ካንቺ ሌላ ማን ይሰማዋል?»

ክንፉ ደግሞ «ጠቅ» አለ። ወይዘሮ አስካለ ወደ ሣጥኑ ጎንበስ ብለው፣ «አቤት» አሉት።