ሦስተኛው ማሰሪያ

ሲስተር ገዲሴ መለኪያዋን የልጄ ክርን ላይ አድርጋ ቁጥሩን ታያለች። ካርዱን ታያለች፤ ደግማ ትለካለች።

«ከሁለት ሳምንት በፊት ቀጥ ሊል ትንሽ ነበር የቀረው። አሁን ተመልሶ እየታጠፈ ነው» ትላለች። «ጋሽ ቶሌራ፣ የክንዷን ድጋፍ ቀንም ሌሊትም ታደርጋለች አይደል?»

«ታደርጋለች» እላለሁ። ውሸቴን ነው።

ሌንሳ ስድስት ዓመቷ ነው። የፈላ ውሃ ከተደፋባት በኋላ ቀኝ ክርኗ ታጥፎ ቀረ፤ በዚያ እጇ ከትሪ እንጀራ መቁረስ እንኳ አልቻለችም። ለኦፕሬሽን ዓመት ከመንፈቅ ወረፋ ጠበቅን። ሐኪሞቹ የተኮማተረውን ጠባሳ ከፍተው፣ ከጭኗ ቆዳ ወስደው ለጠፉበት። ከዚያ ክንዷን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ፣ ባለ ሦስት ማሰሪያ የፕላስቲክ ድጋፍ ሰጡን። ለመታጠብና ለማፍታታት ካልሆነ እንዳይወልቅ አሉ።

እኔ ፉሪ ላይ መሬታችን ቤት ሳይሠራበት አራሽ ነበርኩ። አሁን ለቡ ሰፈር ሕንጻ እጠብቃለሁ። ከሥራ ስገባ ሌንሳ ግራ እጇን ጺሜ ላይ ታሳርፋለች። አትናገርም፤ ፍታልኝ ማለቷ ነው። እኔም እፈታላታለሁ። አንጀቴ አይችልም። በሬ እንኳ ውሎ ሲገባ ቀንበሩ ይወርድለት የለ? ልጄ እንዴት ታስራ ትደር?

«ማነው የሚፈታው?» ሲስተር ገዲሴ ድምጿን ከፍ አታደርግም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«እኔ ነኝ» ትላለች ሌንሳ ቶሎ ብላ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«እሷ አይደለችም፣ ሲስተር። እኔ ነኝ። ማታ ማታ… ትንሽ ትረፍ ብዬ።»

ሲስተር ገዲሴ ወንበሯን ወደ እኔ ታስጠጋለች። «ጠባሳ እረፍት አያውቅም፣ ጋሽ ቶሌራ። እርስዎ ሲፈቱላት እሱ ይሰበስባታል። እንዲህ ከቀጠለ ደግሞ ሌላ ኦፕሬሽን ነው፤ ያኔ ቆዳ የሚወሰደው ከሌላኛው ጭኗ ነው። ይምጡ፣ ከዛሬ ጀምሮ የሚያፍታቷት እርስዎ ነዎት።»

አንድ እጄን ከክርኗ በላይ፣ ሌላውን አንጓዋ ላይ ታስይዘኛለች። ሃያ እስኪቆጠር ወደታች፣ ቀስ ብሎ። እንዳሳየችኝ ወደታች እጫናለሁ።

«አባዬ! አባዬ፣ በቃኝ!»

ቆጠራው ሰባት ላይ ጠፋኝ። ሲስተር ገዲሴ ከጎኔ ሆና ትቆጥራለች፤ አስራ አንድ፣ አስራ ሁለት። ልጄ የምትጠራው እኔን ነው። የያዝኳትም እኔው ነኝ።

ሃያ ሲሞላ ድጋፉን ታቀብለኛለች። የመጀመሪያውን ማሰሪያ አሰርኩ። ሁለተኛውንም። ሦስተኛው ክርኗ ላይ የሚያርፈው ነው፤ ሁልጊዜ ቀድሜ የምፈታላት እሱን ነበር።

ሌንሳ ለቅሶዋን አቁማለች። ግራ እጇ ቀስ ብሎ ይመጣና ጺሜ ላይ ያርፋል። አይን አይኔን ታያለች።

እጇን አላወረድኩትም። እዚያው እንዳለ ሦስተኛውን ማሰሪያ ስቤ አሰርኩት።