ጨዋው መነጽር

የጋሽ ይትባረክ ጆሮ ከደከመ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ዘንድሮ መስማት ለተሳነው ሁሉ የሰውን ንግግር በፊደል የሚያሳይ መነጽር ታደለ፤ ስድብ እንዲያሳይ ግን ሕግ አይፈቅድለትም።

አንድ ቀን ጭቃ በያዘ ጫማ ሳሎን ሲገቡ ሚስታቸው ጽጌማርያም አፏን ከፈተችባቸው። መነጽሩ ላይ «ውድ ባለቤቴ፣ እባክዎን ጫማዎን ያውልቁ» የሚል ጽሑፍ አለፈ።

ጋሽ ይትባረክ ደነገጡ። በአርባ ዓመት ትዳራቸው እንዲህ ብላቸው አታውቅም። ተቀይማኝ ይሆን ብለው ሰጉና መነጽሩን አውልቀው ከንፈሯን አዩ።

«እስቲ ድገሚው።»

«አንተ ዝርክርክ ሽማግሌ! ምንጣፌን አጨቀየኸው እኮ!»

«እሰይ! ደህና ነሽ!» ብለው ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ መነጽሩን የሚያደርጉት ለገበያና ለቀበሌ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ከንፈሯን ያነባሉ፤ ግማሹ ስለሚያመልጣቸው ጽጌ እያንዳንዷን ስድብ ሁለት ጊዜ ትላለች።