ሐዘን የሚበራበት ቦታ

ዶክተሩ ሰው ሲያዝን አንጎሉ ውስጥ የትኛው ቦታ እንደሚበራ በምስል ሊያሳይ ቆርጦ ተነስቷል። ለዚህም አገር ያወቃቸውን አልቃሽ ከደጀን ድረስ አስመጣ።

«እማማ፣ ለቅሶዎ ከልብ ይሁን ከአፍ ዛሬ ማሽኑ ይለየዋል» አላቸው።

አሮጊቷ የአንገት መስቀላቸውን አውልቀው ለነርሷ እየሰጡ፣ «ለማን ነው የማለቅሰው?» አሉ።

«ለፈለጉት ሰው።»

«እሺ። ለመሆኑ አንተ የማን ልጅ ነህ?»

ጨዋታ መስሎት የአባቱንም የእናቱንም ስም ነገራቸው። የት እንዳደገም አልደበቀም።

«ሚስትስ አግብተሃል?»

«ገና ነኝ።»

«ውይ!» አሉና ማሽኑ ላይ ጋደም አሉ።

ለቅሶው ተጀመረ። ዶክተሩ ከመስታወቱ ማዶ ባለው ክፍል ከነርሷ ጋር ቆሞ ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ያደረገችው ነርስ ግን መጀመሪያ ከንፈሯን መጠጠች፤ ቆይታ ዶክተሩን ቀና ብላ አየችውና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ስክሪኑ ላይ የሐዘኑ ቦታ ጭል እንኳ አላለም። የደስታው ቦታ ግን እንደ ደመራ ይነድ ነበር።

«ያዝኩዎት እማማ» አላቸው ሲወጡ፣ ድል እንዳደረገ ሰው ፈገግ ብሎ። «የነርሷን አንጀት በልተው፣ እርስዎ እኮ ቅንጣት አላዘኑም።»

«ምን ብዬ ልዘን ልጄ?» አሉ አሮጊቷ፣ መስቀላቸውን አንገታቸው ላይ እየመለሱ። «ሟቹ ከመስታወቱ ማዶ ቆሞ ቴሌቪዥን ያያል።»