እሷማ ሌላ ናት

ፕሮፌሰሯ ወንበር ላይ ቆማ ከላይኛው መደርደሪያ መጻሕፍት ስታወርድ የእህቷ ልጅ ሳያንኳኳ ገባ።

«ኧረ ውረጂ አክስቴ! ወድቀሽ ጉድ ልታደርጊኝ ነው?»

«ከወደቅኩማ ቆየሁ» አለችና እጁን ይዛ ወረደች። ጉልበቷ ቋ አለ።

ጡረታ ወጥታለች፤ ቢሮውን በዚህ ሳምንት ልቀቂ ተብላለች። ጥርሷን የነቀለችባት ክፍል ናት። ሰው ጎረቤቱን በጅምላ ከመፍጀቱ በፊት ለራሱ ምን ዓይነት ተረት እንደሚያወራ፣ ማን አውርቶለት ማን እንዳመነው ስታጠና ኖራለች። በየአገሩ እስር ቤት እየዞረች ገዳዮችን አነጋግራለች። ተማሪዎቿ ትምህርቷን «የላም በረት» ነው የሚሉት፤ እሷ «ተረት» ባለች ቁጥር ከኋላ ወንበር አንዱ ቀልደኛ ቀስ ብሎ ይመልስላታልና። ድሮ አብራቸው ትስቅ ነበር። በኋላ በኋላ መሳቁም አደከማት።

ልጁን እናቱ ስትሞት ወስዳ ያሳደገችው እሷ ናት። ክፍሏ ገብቶም ተምሯል፤ ያውም ከጎበዞቹ አንዱ ነበር። አሁን ለፓርቲው ሊቀመንበር ንግግር ይጽፋል።

«አንድ ነገር እዪልኝ» ብሎ ከኮቱ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «የእሁዱ ንግግር ነው። የሆነ ነገር ጎድሎታል፤ ምን እንደሆነ ግን ጠፋኝ። አንቺ ዓይንሽን ጣል ብታደርጊበት ወዲያው ታገኚዋለሽ።»

መጻሕፍት የሞላ ካርቶን ላይ ተቀመጠችና መነጽሯን አደረገች።

መጀመሪያ «እዚህ የነበርነው እኛ ነን» ይላል። ቀጥሎ «እነሱ በእንግድነት መጡ»። ከዚያ «እንግዳው ባለቤቱን ከቤቱ ሊያስወጣ ነው»። ቅደም ተከተሉን ታውቀዋለች፤ ሰሌዳ ላይ የጻፈችው እሷው ናት። ሰው እንዲጠነቀቅበት ብላ ያስተማረችውን ልጁ ሙያ አድርጎታል። የጎደለውም ወዲያው ታያት። አንድ ዐረፍተ ነገር ናት፤ ቦታዋም ከታች ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ነው። ዕድሜ ልኳን ወረቀት ስታርም የኖረች እጅ ናትና እስክሪብቶ አነሳች። ማንሳቷ የታወቃት ክዳኑን ስትነቅል ነው። መልሳ ከደነችው።

«እህስ? አገኘሽው?»

«‹እነሱ› የምትላቸው እነማን ናቸው?»

«ታውቂያቸው የለ። ከወንዙ ማዶ የመጡት ናቸዋ።»

«ልብስ ሰፊዋስ?»

ልብስ ሰፊዋ ከወንዙ ማዶ የመጣች፣ ግድግዳ የሚጋሯት ጎረቤታቸው ናት። ፕሮፌሰሯ ለጥናት ስትሄድ ልጁ የሚያድረው እሷ ቤት ነበር። ኩፍኝ ሲይዘው ያስታመመችው፣ የተማሪነት ልብሱን በየዓመቱ እያስረዘመች የሰፋችለት እሷ ናት። እስከ ዛሬ «እማማ» ነው የሚላት።

ልጁ ሳቀ። የተንኮል ሳቅ አይደለም፤ የማይመስል ነገር እንደተጠየቀ ሰው ነው የሳቀው።

«እሷማ ሌላ ናት!»

ፕሮፌሰሯ መነጽሯን አወለቀች። ይህችን ቃል ስንት እስር ቤት ሰምታታለች! ፊቷ የተቀመጠ ገዳይ ሁሉ አንድ የራሱ ደግ ሰው ነበረው። አንዱ ሚስቱን ያዋለደችለትን ነርስ፣ ሌላው አብሮት ኳስ ሲጫወት ያደገውን ያነሳላታል። «እሱማ ሌላ ነበር» ይሏታል፤ እንባ የሚተናነቀውም ነበር። ችግሩ የአንዱ «ሌላ» ለሌላው ገዳይ ያው ከ«እነሱ» አንዱ ነበር።

እስከዚች ደቂቃ ድረስ ልጁን ለሆዱ ብሎ ነው ስትል ነበር። ለሆዱ የሚዋሽ ሲጠግብ ይተወዋል። ይሄ ግን አይዋሽም። አምኖታል።

«ሂድና አንብብላት» አለችው።

«ለማን?»

«ለእማማህ። ድምፅህን ከፍ አድርገህ፣ ዓይኗን እያየህ። ከዚያ ተመልሰህ ና፤ የጎደለውን ያኔ እነግርሃለሁ።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «አክስቴ ሙች፣ አንቺ ሁሉን ነገር የሬሳ ጉድጓድ ነው የምታደርጊው። ምርጫ እኮ ነው! ንግግር ሰው አይገድልም።»

«ፈተና ላይ ስጠይቅህ እንደሱ አልነበረም የጻፍከው።»

ወረቀቱን ሊወስድ ጫፉን ያዘ፤ እሷም አልለቀቀችም። ጫፍና ጫፍ ይዘው ትንሽ ቆዩ። ሌላ ቅጂ እንዳለው ሁለቱም ያውቃሉ። ጣቶቿ ደከሙና ተዉት። ጎንበስ ብሎ ግንባሯን ሳማት፤ «ካርቶኖቹን የሚጭን መኪና እልክልሻለሁ» ብሎ ወጣ።

ኮቴው ከደረጃው እስኪጠፋ ጠበቀችና ለልብስ ሰፊዋ ደወለች። ስልኩ ሲነሳ ከወዲያ ሲንኳኳ የነበረው የስፌት መኪና ቀጥ አለ።

«አንቺ ሴት!» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ዛሬ ምን ትዝ አልኩሽ?»

ስለዚህ ነገር ወፍራም ወፍራም መጻሕፍት የጻፈችው ሴት በምን እንደምትጀምር ጠፋት።

«የውጪ በርሽ... መቀርቀሪያው ደህና ነው?»

«የቱ መቀርቀሪያ? ከተሰበረ ስንት ዘመኑ! ምነው፣ ሌባ ገባ እንዴ?»

«አይ። እህትሽ ጋ ሄደሽ ትንሽ ብትሰነብቺ ብዬ ነው። ከእሁድ በፊት።»

«እሁድማ ንቅንቅ አልልም! ልጃችን የጻፈው በቴሌቪዥን ሊነበብ አይደል? ሰፈርተኛውን በሙሉ ጠርቻለሁ። እንዲያውም የሚለብሰውን ሸሚዝ እየሰፋሁለት ነው። ቆይ አትዝጊው፤ ይቺን እጅጌ ብቻ ልጨርሳት።»

«እየመጣሁ ነው፤ የትም እንዳትሄጂ» አለች ፕሮፌሰሯ።

የስፌት መኪናው እንደገና መንኳኳት ጀምሮ ነበርና ልብስ ሰፊዋ አልሰማቻትም።