ዓይን የማያርፍበት ላፕቶፕ

ፕሮግራመሩ ሥራውን የሚያበላሽበትን ነገር ደርሶበታል። የአማቱ ዓይን ነው።

እዚህ መደምደሚያ ላይ የደረሰው በስሜት አይደለም፤ በጥናት ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማስታወሻ ይዟል። ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ቢሮው የምግብ ጠረጴዛው ነው። ከጀርባው ሶፋ አለ፤ ሶፋው ላይ የሚስቱ እናት ተቀምጠው ሹራብ ይሠራሉ። ድንገት ሳል ቢጤ "እህም!" ይላሉ። ጥቂት ቆይቶ ፕሮግራሙ ቀጥ ይላል። አሥራ አራት "እህም"፣ አሥራ አራት ብልሽት። ሳይንስ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ሌላ እንከን አልተገኘባቸውም። ከአንድ መሥሪያ ቤት ማሽን ክፍል በጡረታ የወጡ ዝምተኛ ሴት ናቸው። እጃቸው ከሹራብ ስለማይለይ፣ ማሽኑ የልብስ ስፌት መሆኑን ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገውም። የሹራቡን ረድፍ ሲቆጥሩ "ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት" እያሉ ነው፤ ይህንንም ለዕድሜያቸው ሰጥቶታል።

እዚህ ቤት የገቡ ዕለት "ምንድን ነው የምትጽፈው?" ብለውት ነበር።

"እማማ፣ ይሄ የማሽን ቋንቋ ነው፤ አይድከሙ። እኔ ካልጠየቅኩዎት ስለሱ ባናወራ ይሻላል" አላቸው በትሕትና።

"እሺ የኔ ልጅ" አሉ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሥራው አንዲት ቃል አልወጣቸውም።

ግኝቱን ለሚስቱ ሲነግራት በሳቅ ፈረሰች።

"አንተ ደግሞ! የምን ዓይን? መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቅቷት እኔን ነው የምትጠራው። ጋዜጣ እንኳ እጇን ዘርግታ ነው የምታነበው።"

"ማየት ሌላ፣ ዓይን ሌላ" አላት ኮስተር ብሎ።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። የሚጽፈው ለአንድ የአውቶቡስ ድርጅት የቲኬት መቁረጫ ፕሮግራም ነው። አውቶቡሱ አርባ አምስት ወንበር አለው፤ ፕሮግራሙ የሚሸጠው አርባ አራቱን ነው። ከሾፌሩ ኋላ ያለው የመጀመሪያው ወንበር በምንም ተአምር አይሸጥም። ተሳፋሪ ቆሞ ይለምናል፤ ወንበሩ ባዶውን ይጓዛል።

ሥራ አስኪያጁ ረቡዕ ደወለ። "ወንድሜ፣ ሾፌሬ ከኋላው የሚያወራው ሰው አጥቶ ሊያብድብኝ ነው። እስከ ዓርብ እኩለ ቀን ካልተስተካከለ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።"

ሥራው ከእጁ ከወጣ ፕሮግራመሩን የሚጠብቀው የድሮ ቦታው፣ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ነው። ወረቀት መደርደርና ቀለም መሙላት።

ስለዚህ መላ ዘየደ። ትንሽ ላፕቶፕ፣ ግን ስክሪኑ እጅግ ጥራት ያለው። ፊደሎቹን ጉንዳን እስኪያክሉ ያሳንሳቸዋል፤ ለሱ፣ አፍንጫውን ለደቀነው፣ አንድ በአንድ ይታዩታል፤ ሶፋው ላይ ላለ ሰው ግን ጭጋግ ይሆናሉ። ዓይን ጭጋግ ላይ ምን ሊያደርግ?

ሐሙስ ሊገዛ ሲወጣ አማቱ "ነፋስ ልቀበል" ብለው ተከተሉት። እምቢ አይባልም። ፌርማታው ላይ ቆመው ሳለ "ያው፣ አሥራ ሰባት ቁጥር መጣልህ" አሉ። አውቶቡሱ በመንገዱ ጫፍ ላይ ነጥብ ነበር። ሲቀርብ እውነትም አሥራ ሰባት ሆነ። ፕሮግራመሩ በዕድላቸው ተገረመ።

"ለምን ሥራ ነው?" አለ የኮምፒውተር መደብሩ ሻጭ።

"ለፕሮግራም።"

"እንግዲያው ሰፊ ስክሪን ልስጥህ።"

"ትንሽ! ጥራቱ ግን ከፍተኛ። ፊደሉ ሲያንስ እንዳይበላ።"

"ዓይን አያደክምም?"

"የተፈለገውም እሱ ነው።"

ሻጩ ሦስት ደረደረለት። የመጀመሪያው ፊደሉ ሲያንስ ዳር ዳሩ ተሸራረፈ። ሁለተኛው እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፤ ከኋላው የቆሙት አማቱ ቁልጭ ብለው ሲታዩት ቶሎ ከደነው። ሦስተኛው ከመጽሐፍ አይበልጥም። ፊደሎቹን አሳነሳቸው፣ ደግሞ አሳነሳቸው። ሻጩ ሊያነብ ሞክሮ ዓይኑን አሸ።

አማቱ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ፤ ግድግዳ ላይ ያለ ሥዕል እንደሚያይ ሰው አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ።

"ይቺን ውሰድ" አሉ። "ጥርት ያለች ናት።"

"እናት ያውቃሉ!" ብሎ ሻጩ ቀለደ።

ፕሮግራመሩ ሳቁን ዋጠ። ምስኪን ሴትዮ፤ መሸነፊያቸውን ራሳቸው መረጡ።

ዓርብ በጠዋት ጉንዳኖቹን ዘርግቶ ተቀመጠ። የድሮው ፕሮግራም ዓይን የመታው ነውና የወንበሮቹን ክፍል ሙሉ በሙሉ ደመሰሰው፤ እንደ አዲስ ጻፈው። ሦስት ሰዓት፣ አራት ሰዓት፣ አምስት ሰዓት። አንድም ሳል የለም። ከጀርባው የሚሰማው የሹራብ መርፌዎቹ ቀጭ ቀጭ ብቻ ነው። ማስታወሻውን አውጥቶ "ሳል፦ የለም" ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ የመጨረሻውን መስመር ጨረሰ። ለሥራ አስኪያጁ ሊልከው ጣቱን ሰነዘረ።

"እህም!"

ጣቱ አየር ላይ ቀረ። ግን አልደነገጠም። ዛሬ የታጠቀ ሰው ነው። ወንበሩን በእርጋታ አዞረና ላፕቶፑን እዚያው ጠረጴዛው ላይ እንዳለ በአገጩ አመለከታቸው። ፈገግታው የአሸናፊ ፈገግታ ነበር።

"እስቲ እማማ፣ ዛሬስ ልጠይቅዎት። ከዚያ ሆነው እዚህ ላይ ምን ይታይዎታል?"

አማቱ ሹራቡን ጭናቸው ላይ አኖሩ።

"እንኳንም ጠየቅከኝ። ሃያ ሦስተኛው መስመር ላይ፣ የኔ ልጅ፣ ወንበሮቹን ዛሬም ከአንድ ጀመርካቸው፤ ማሽን እኮ የሚቆጥረው ከዜሮ ነው።"