ከባምላክ ቃል የተቀነሰ

አቶ ባምላክ የሕይወት ታሪካቸውን በገዛ አፋቸው አስጽፈው ነው የሞቱት። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። ዲያቆኑ መቃብሩ አጠገብ ቆሞ «እኔ ባምላክ» ብሎ ማንበብ ሲጀምር፣ ለቀስተኛው ሁሉ የሟቹን ድምፅ የሰማ መሰለውና ጮኸ።

በኩር ልጃቸው ፋንታሁን ግን አላለቀሰም። ጆሮውን አቁሞ ስሙን ይጠብቅ ነበር።

ከመተማ ተነሥቶ ለቀብሩ የደረሰው ለጥቂት ነው። ለሰሊጥ አጨዳ ብሎ ከቤት ከወጣ ብዙ ዓመት ሆነው። እናቱ ስትሞት እንኳ አልመጣም፤ ኔትወርክ አልነበረም፣ መርዶው ዘግይቶ ነው የደረሰኝ ይላል። ከዚያ ወዲህ ለእኅቱ ለየሻረግ ይደውላል። «አባቴን አገናኚኝ» ሲላት ሁልጊዜ፣ በቀትር ቢሆን እንኳ፣ «ተኝቷል» ነው መልሷ። ሽማግሌ ነው፣ ይተኛ፣ ይላል እሱም።

ዲያቆኑ አነበበ። ባምላክ ያቀኑት እርሻ ተነሣ። የተከሉት ባሕር ዛፍ ተነሣ። ወይኖ የሚባለው በሬያቸው ሳይቀር ተነሣ። «ልጆቼ መሳፍንትና የሻረግ ጦረውኛል፤ እነሱም ወልደው ይጦሩ።» እዚያ ላይ አለቀ።

በሬው ተጠራ፤ ፋንታሁን አልተጠራም።

ሠልስቱ እንዳለፈ ታናሽ ወንድሙን መሳፍንትን ከበረቱ ጓሮ ያዘው።

«ያን ጽሑፍ ማን ነው ያስጻፈው?»

«አባታችን ራሱ። እኔ ዳንግላ ወስጄው፣ አጠገቡ ቆሜ።»

«ታዲያ የኔ ስም የታለ?»

መሳፍንት መሬት መሬቱን አየ። «አያ፣ ተወው በቃ። ለነፍሱ ጸልይለት።»

«አሁን እንኳ አስጨምረው። ለአርባው ደግሞ ይነበብ።»

«የሞተ ሰው ቃል ላይ አልጨምርም።»

«መቀነስስ?»

መሳፍንት ፊቱን አዙሮ የበረቱን አጥር መነካካት ጀመረ። ፋንታሁን ያችን አየና በልቡ ያዛት።

«መሬቷን ፈልገህ ነው!» አለው። «ውሰዳት! ከነድንበሯ ውሰዳት። የአባቴን አፍ ግን አትዘጋብኝም።»

በማግስቱ ጋሪ ተሳፍሮ ዳንግላ ገባ። ባለጋሪው፣ ፋንታሁን አንገቱን እንደ ደፋ አየና ሊያጽናናው ፈልጎ፣

«ሐዘንተኛ ስጭን ፈረሴም አዝኖ ቀስ ይላል» አለው።

«ርቦት ነው» አለ ፋንታሁን።

ጠያይቆ ያገኛት የጸሐፊዋ የራሂማ ጽሕፈት ቤት ከጨርቅ ሱቅ ጎን የተለጠፈች ጠባብ ክፍል ናት። ማመልከቻም፣ ውልም፣ የሟች ታሪክም እዚያው ይጻፋል።

«የባምላክ ልጅ ነኝ» አላት።

«አላህ ያጽናዎት። እዚችው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው ያስጻፉኝ። የትኛው ልጃቸው ነዎት?»

«በኩሩ። ፋንታሁን እባላለሁ።»

የራሂማ ጣቶች ኪቦርዱ ላይ ቀጥ አሉ። ከዚያ ሻርፗን አስተካከለች፤ የተስተካከለውን። ፋንታሁን ይችንም አየ። ወንድሜ ቀድሞኝ አፏን አስይዟታል ብሎ አሰበ።

«መሳፍንት ኋላ ተመልሶ መጥቶ ነበር?»

«መጥቷል። የቀብሩ ዕለት ጧት።»

«ምን አስደረገሽ?»

«አንድ መስመር አስጠፋኝ።»

ፋንታሁን ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። «አላልኩም! በቁሜ ቀበረኝ!»

«ጋሼ፣ ይረጋጉ።»

«መልሺልኝ።»

«የጠፋው አንዴ ጠፍቷል።»

«እቴ፣ አታሞኚኝ። ኮምፒውተር የዋጠውን ይተፋል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ራሂማ ሳትወድ ፈገግ አለች። «መትፋቱንስ ይተፋል። መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚሄድብን፣ ስጽፍ በየመሃሉ ራሱ እንዲይዝ አድርጌዋለሁ። የድሮው ይኖራል።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ግን ቢቀርስ? ወንድምዎ ክፉ አይመስለኝም። ሲያስጠፋኝ ያለቅስ ነበር።»

«ይሁዳም ስሞ ነው የሸጠው።»

«እኔ እለምንዎታለሁ፣ ይቅር።»

«እኔም በፈጠረሽ አምላክ እለምንሻለሁ። አባቴ ስሜን ሲጠራ ከሰማሁ ስንት ዓመቴ! አሁን ደግሞ ሄደ። አንድ ጊዜ ከአፉ የወጣውን ልየው፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ራሂማ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። ከዚያ ጽሑፉን ከፈተችና ወደ ኋላ መመለስ ጀመረች። መጀመሪያ በቀብሩ የተነበበው መጣ፤ ስሙ የለም። ከሱ በፊት ያለውን አመጣች፤ ያው ነው። ፋንታሁን ከጀርባዋ ቆሞ አቡነ ዘበሰማያት ይደግማል። የሚቀጥለው ሲከፈት ከየሻረግ ስም በታች አንድ መስመር ተጨምሮ ታየ። ፋንታሁን የስሙን ፊደል ከሩቅ ለየው።

«አለሁ!» አለ። እንባው አሁን መጣ። «አየሽ፣ አለሁ! አንብቢልኝ እስቲ።»

«እኔ አላነብም» አለች ራሂማ። ወንበሯን ለቀቀችለትና በሩ ላይ ጀርባዋን ሰጥታው ቆመች።

ፋንታሁን ተቀመጠ። ፊደል የቆጠረው ድሮ ከቄስ እግር ሥር ነው፤ ጣቱን መስታወቱ ላይ አሳርፎ ቃል በቃል እየነጠለ አነበበ።

«የበኩር ልጄ ፋንታሁን ሞቷል። አልቅሼለት ጨርሻለሁ።»